ከሎሚው ሥር የሚያልፈው ቱቦ

ሰኞ 3

ዛሬም ሞላ። የመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ እያጉረመረመ ተነሣና የሸኘነውን ሁሉ መልሶ አመጣልን። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ምን ሆነ?» ትላለች፤ እኔ በባልዲና በበረኪና መሀል ሆኜ «ምንም አልሆነም፣ አንቺ ግቢ» እላታለሁ። ስጨርስ እጄ ሊላጥ እስኪደርስ ታጠብኩ። ሳሎን ስገባ የመኝታ ቤት መጋረጃዋን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ደግ ሴት ናት። ግን የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው የተሰናበተችኝ።

ቱቦው አርጅቷል። አባዬ ገና ጎልማሳ ሳለ ያስቀበረው የሸክላ ቱቦ ነው። ሰው እንኳ በዚያ ዕድሜ ያማርራል።

ጋሼ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ሰላምታ ላይ አይቆይም። «ዝናቡ ሳይገባ ካላስተካከልሽው እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ። በዚህ ሽታ ላይ ተኝታ ልትከርም ነው?» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እሺ ያልኩት ማስተካከሉን ነው እንጂ መውሰዱን አይደለም።

ረቡዕ 5

እማዬን ለምን ለጋሼ እንደማልሰጥ ልጻፈው፤ አፍ ለአፍ ስንነጋገር ይምታታብኛል።

አምና ለጥቂት ጊዜ ወስዷት ነበር። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው። ሚስቱም እውነቱን ለመናገር ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አላት። ግን እማዬ ዓይኗ ደክሟል። እዚህ ቤት የምትሄደው በእጇ ነው። ከአልጋዋ ተነሥታ የኮሪደሩን ግድግዳ እየዳበሰች ትመጣለች፣ የበሩን እጀታ ትጨብጣለች፣ የበረንዳውን ደረጃ ትወርዳለች፣ የሎሚውን ግንድ ነካ አድርጋ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ጋሼ ቤት እጇ የሚያውቀው ግድግዳ አልነበረም። ወደቀች። እግሯ ቶሎ ዳነ። እሷ ግን ተመልሳ መጥታ፣ በገዛ ሳሎኗ ተቀምጣ፣ «ይሄ የማን ቤት ነው?» ትለኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ስትለኝ ከረመች። ያን ጥያቄ ሁለተኛ መስማት አልችልም።

ዛሬ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። መስመሩ ከመታጠቢያ ቤቱ ጓሮ ተነሥቶ፣ በኮሪደሩ፣ በበረንዳውና በሎሚው ሥር አልፎ፣ በር ላይ ከመንገዱ ማንሆል ጋር ይገናኛል። ስለዚህ፣ አለኝ፣ ኮሪደሩ ይሰበራል፣ በረንዳው ይነሣል፣ ዛፉ ይቆረጣል። ይሄን ሲናገር ጥርሱን እየጎረጎረ ነው።

«እናቴስ በየት ትሂድ?»

«ለጊዜው ዘመድ ጋ ይቆዩዋ።»

ሸኘሁት። ሻይ እንኳ አላልኩትም።

ዓርብ 7

ፍልፈል ተገኘ!

የነገረችኝ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ምድሩን ሳይገልጥ ቱቦ የሚቀይር ሰው ስላለ ሰፈሩ ፍልፈል ብሎታል፤ እሱም ስሙን ተቀብሎ መኪናው ላይ አስጽፎታል። ከባልደረባው ጋር መጥቶ ግቢውን ዞረ፣ ማንሆሉን ከፈተ፣ ተንበረከከ፣ አሸተተ። የሚያሸት ባለሙያ ደስ ይለኛል።

አሠራሩን እንዲህ አስረዳኝ። ከጓሮ አንድ ጉድጓድ፣ በር ላይ አንድ ጉድጓድ ይቆፈራል። በአሮጌው ቱቦ ውስጥ የብረት ገመድ ያልፋል። ገመዱ ጫፍ ላይ አፉ የሾለ ወፍራም ብረት ይታሰርና ማሽን ይጎትተዋል። ብረቱ አሮጌውን ቱቦ እያፈነዳ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከኋላው ደግሞ አዲሱን የፕላስቲክ ቱቦ ጎትቶ ያስገባል።

«ከሱሪ ወገብ አሮጌ ላስቲክ እንደማውጣት ነዋ! አዲሱን ጫፉ ላይ ሰፍቼ አብሬ እጎትተዋለሁ» አልኩት።

ፍልፈል ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄን ለማስረዳት ስንት ዓመት ስለፋ ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ነው የምናገረው።»

ኮሪደሩ አይነካም። ሎሚው አይቆረጥም። ስለ ዋጋው እዚህ አልጽፍም፤ ስፌቱ ይችለዋል። ማክሰኞ ካሜራ ይዞ ይመጣል።

ቁርጥራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበት ጆንያ ጎድሏል። አበባ ያለበትን ጥጥ ለትራስ ልብስ አስቤው ነበር፣ የለም። አይጥ ይሆናል። ወጥመድ ልግዛ።

እሑድ 9

እማዬ ቀድማኝ ተነሥታ አንሶላዋን አጥባለች። ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ማንም በማያይበት በኩል ነው ያሰጣችው። «ላብ ነው፤ ሌሊቱን ሞቀኝ» አለችኝ። ሞቆ ነበር እንዴ? ይሆናል። እኔ ከተኛሁ አልሰማም።

ጋሼ መጣ። ከእማዬ ጋር ሎሚው ሥር ተቀምጠው ሲሳሳቁ ቆዩ። እሱ ሲመጣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ልጅነቷ ይመጣባታል። ትንሽ ቀናሁ፤ ይጻፍ። ኋላ በረንዳው ላይ ለሚስቱ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት፦ «ደክማለች እኮ። አትናገርም እንጂ በጣም ደክማለች፤ ፊቷን ብታዪው።»

እማዬ አልደከመችም። ፊቷም ደህና ነው። ምኑን አይቶ እንደሆነ አልገባኝም።

ማክሰኞ 11

ካሜራው ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ዓይን ነው፤ መብራት አለው። ጓሮ ሆነን፣ ፍልፈል ገመዱን እየገፋ፣ እኔ ትንሿን ስክሪን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ስንጥቅ፣ ሌላ ስንጥቅ። ከዚያ የሎሚው ሥር፣ እንደ ፀጉር ተንጨባርሮ። ከዚያ ሥሩ ላይ የተጠመጠመ ነገር።

«ጨርቅ ነው» አለ ፍልፈል። «ብዙ ነው።»

ሰማያዊው ለአንድ ሆቴል ከሰፋሁት መጋረጃ የተረፈ ገበር ነበር። ነጩን አላወቅኩትም። አበባው የእኔ ጥጥ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። «እኔ ነኝ የምጥለው። ስሰፋ ቁርጥራጩ ሲበዛብኝ...»

«ይሄን ሁሉ፣ እትዬ?»

«ይሄን ሁሉ።»

ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ስክሪኑን አየ። «ቱቦው ለማንኛውም አልቆለታል። ጨርቁ ባይኖርም ሥሩ ገብቶበታል፤ መቀየሩ አይቀርም ነበር» አለኝ። እግዜር ይስጠው።

በሜንጦ እየጎተተ የቻለውን አወጣ። አንዳንዱ ገና እንደታጠፈ ነው። ጠርዙ ከጠርዙ ተገጥሞ፣ በሥርዓት የታጠፈ። እኔ እንደዚያ አላጥፍም። በዚህ ቤት እንደዚያ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነው ያለው።

እማዬ ሎሚው ሥር ሆና «ምን አገኛችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ሥር» አልኳት።

ወጥመዱን አልገዛም።

ቅዳሜ 15

ጋሼ ሰማ። ጎረቤቴ ናት የነገረችው፤ እሷ ሆድ ውስጥ ነገር አያድርም። «ምን ነካሽ? ትልቅ ሰው አይደለሽም? ጨርቅ ሽንት ቤት ይጣላል?» እያለ ጮኸብኝ። «ተሳሳትኩ» አልኩ። ይጩህ። በእኔ ላይ ሲጮህ ቢውል ይሻለኛል።

ጆንያውን መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀልኩት። ከሰዓት በኋላ የእማዬ የፊት ፎጣ ጠፋ።

ዛሬ ያደረግኩትን መጻፍ አልፈልግም ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። በሩ ላይ ቆሜ «እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት፤ እንደ ሕፃን ጮህኩባት።

«ሰው ሽንት ቤት ምን ይሠራል?» አለችኝ ከውስጥ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ስትወጣ ፊቷን አየሁ። ግድግዳውን ይዛ፣ በአጠገቤ ጠበብ ብላ፣ እንዳትነካኝ ተጠንቅቃ አለፈች። እማዬን ያህል ሰው ከእኔ ተጠነቀቀች። የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ስፌት ሳልሰፋ አመሸሁ። አፌን ምን ነበር የከፈተው?

ልነግራት ይገባል። ምን ብዬ? ነገ።

ሐሙስ 20

አልነገርኳትም።

ጉድጓዶቹ ተቆፈሩ። አዲሱ ቱቦ መንገዱ ላይ በሙቀት እየተበየደ ተቀጠለ፤ ጥቁር ነው፣ ከእኛ በር ተነሥቶ የጎረቤቴን በር አልፏል። እሷ እየተሻገረችው «ይሄ ሁሉ በሽንት ቤታችሁ ሊገባ ነው?» ትላለች። ፍልፈልም «ከተረፈን ለእርስዎም እንቀጥላለን» አላት። ፈርታ ገባች።

ደመናው ወርዷል። ፍልፈል ሰማዩን ያያል፣ እኔ ፍልፈልን አያለሁ። ጉድጓዶቹ ውሃ ከሞሉ ሥራው ይቆማል። ጋሼም ሰማዩን እንደሚያይ አውቃለሁ።

ሰኞ 24፣ ጠዋት

ዛሬ ይጎተታል። ምንም ውሃ መውረድ የለበትም። ፍልፈል ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ «ጉድጓዱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ። ገባኝ።

የሽንት ቤቱ ማውረጃና ቧንቧዎቹ ሁሉ ላይ የመጋረጃ ጥብጣብ አሰርኩ። ለእማዬ ዓይን ሳይሆን ለእጇ። ጥብጣብ ካገኘች አትነካም ተባብለናል።

መቀመጫ ያለው ባልዲ መኝታ ቤቷ አስገባሁ። «እኔ ሕፃን ነኝ?» አለችኝ። «የፍልፈል ትእዛዝ ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ» አልኳት። «አንቺ ቅደሚ» አለች። ቀደምኩ። ምን አማራጭ አለኝ?

ማሽኑ ተነሣ። ልሂድ።

ሰኞ፣ ማታ

ቆመ።

እስከ ቀትር መልካም ነበር። ገመዱ ተወጥሮ ይዘምራል፤ መሬቱ ውስጥ ሸክላው ኳ፣ ኳ እያለ ይሰበራል። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እግሯ ሥር ሲያልፍ ሰማችው። ጫማዋን አውልቃ «መጣ... መጣ... አለፈ» ትላለች፣ ደስ ብሏት። ጠዋት ከመንገዱ አዙረው ወደ ጓሮ ያስገቡት ጥቁሩ ቱቦ ቀስ እያለ ምድር ውስጥ ይገባ ነበር። ከዚያ ገመዱ ጠጠረና ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ፍልፈል እጁን አነሣ፤ ባልደረባው አጠፋው።

በረንዳው ደረጃ ሥር ነው። አባዬ ደረጃውን ሲያሠራ ቱቦው እንዳይጎዳ ብሎ ኮንክሪት አልብሶታል። አባዬ እንዲህ ነው፣ የወደደውን ያፍነዋል።

«ሦስተኛ ጉድጓድ ያስፈልገናል» አለ ፍልፈል። «ደረጃው ላይ። ደረጃው መነሣት አለበት። አዝናለሁ፣ እትዬ፤ በካሜራ ይሄ አይታይም።»

ይሄ ሁሉ የሆነው እማዬ የምታውቀው ነገር እንዳይነካ ነበር። ሎሚውንና ደረጃውን እያፈራረቅኩ አየሁ። ያለ ኮሪደር ከመክረምና ያለ ደረጃ ከማደር የቱ ይሻላል? «አንሣው» አልኩ። «እንደነበረው የሚመልሰው ግን አንተ ነህ። በቁመቱ፣ በስፋቱ፣ ያቺ ጥግ ላይ የተሸረፈችውም ሳትቀር።»

«የተሸረፈችውም?»

«እጇ ታውቃታለች።»

ለጋሼ ደውዬ ነገርኩት። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። ይዟት ሊሄድ ነው የሚመጣው። ልብሷን አላዘጋጅም።

ማንጠባጠብ ጀምሯል።

ማክሰኞ 25

ሳይነጋ የኮሪደሩ ግድግዳ ሲዳበስ ሰምቼ ተነሣሁ። መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌው ስላደርኩ እማዬ በሩ ፊት ቆማለች፣ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ። የሌሊት ልብሷ እርጥብ ነው።

«ተቆልፏል» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ። ዛሬ ይከፈታል።»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኳትም። ፊቴን አዙሬ «ውሃ ላሙቅልሽ» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ስመለስ እጇ ባዶ ነበር። ፍራሹ ሥር አገኘሁት፣ ጠርዙ ከጠርዙ ተገጥሞ።

ጋሼ በማለዳ መጣ፣ በቢሮ ሸሚዝ። ፍልፈልና ባልደረባው ደረጃውን አንሥተው እየቆፈሩ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሼ ጉድጓዱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ ከግድግዳው አካፋ አነሣ።

«ጫማህ!» አልኩት።

«ጫማ ይገዛል» ብሎ ገባ።

ባልደረባው ለማረፍ ሲወጣ እኔ ጋሼ ያወጣውን አፈር በባልዲ እቀበለው ነበር። ቀና ሳይል አናገረኝ።

«አንቺ እኮ የክር ጭራ የማትጥይ ሰው ነሽ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሰውን ስትዋሺ የሚያምንሽን ምረጪ።»

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩት።

«አምና እኔ ጋ እያለችም ሌሊት ያመልጣት ነበር» አለ። «ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች ብላ አስማለችን። የወደቀችውም ጨርቅ ይዛ የምትደብቅበት ስትፈልግ ነው። ልወስዳት ያልኩት ቱቦው አሳስቦኝ መሰለሽ? አንቺ ሳታውቂ ብቻሽን እንዳትሸከሚው ነው።»

«ጨርቁ እስኪወጣ ያወቅኩ አልመሰለኝም ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። አንሶላውን እያየሁ ሙቀት ነው አልኩ፤ ጆንያው ሲጎድል አይጥ ነው አልኩ። ማወቅ አልፈለግኩም፤ ከእጄ የምትሄድ መሰለኝ።

ጋሼ አካፋውን ተደግፎ ሳቅ አለ። «ሦስታችን ስንደባበቅ ታንቆ የሞተው ቱቦው ነው።»

እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ፍልፈል ፊቱን አዙሮ መዶሻ ፍለጋ የሄደ መሰለ፣ መዶሻው እጁ ላይ ነበር።

ኮንክሪቱ ከቀትር በኋላ ተሰበረ። ማሽኑ ተነሣ፣ ገመዱ ዘመረ፣ የብረቱ አፍ አፈር ለብሶ በር ላይ ብቅ አለ፣ ጥቁሩ ቱቦ ተከትሎት። ሁላችንም ጮህን። ዝናቡ የጀመረው ፍልፈል ቱቦውን ከማንሆሉ ጋር ሲያያይዝ ነው፤ ሸራ ዘርግተንለት ጨረሰ።

እማዬ በዚህ መሀል በሩ ድረስ መጥታ እግሯን ወደ ደረጃው ሰደደች። ሮጬ ያዝኳት።

«ደረጃው የት ሄደ?»

«ለሥራ ነው፣ እማዬ። ፍልፈል ይመልሰዋል።»

ይሄ የማን ቤት ነው ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እንግዲህ እስኪመልሰው እዚሁ እቀመጣለሁ» አለችና በሩ ላይ ወንበር አስመጣች። «ቤቴን ክፍት አድርጌ የት እሄዳለሁ?»

ረቡዕ 26

ፍልፈል አዲሱን ቱቦ በካሜራ አሳየን። እማዬ ስክሪኑን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየች። ወጥ ነው፤ ስንጥቅ የለ፣ መጋጠሚያ የለ።

«ጨለማ ነው» አለች።

«ንጹሕ ጨለማ ነው፣ እማማ» አላት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገር፣ «ይሄ ቱቦ ግን አመለኛ ነው። ውሃና ለስላሳ ወረቀት ብቻ ነው የሚወደው። ሌላ ነገር ከመጣ ለልጅዎ ይስጧት» አላት።

ጆሮዬ ጋለ። እማዬ ስክሪኑን ማየቷን ቀጠለች።

ጥብጣቦቹን ፈታሁ።

ሐሙስ 27

ዝናብ ሙሉ ቀን። ቀዳዳው ዝም ብሏል፣ አያጉረመርምም። ቆሜ ሳዳምጠው ጋሼ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር።

ጆንያውን አወረድኩት። ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ ድርብ ድርብ አድርጌ ሰፋሁ፣ ውሃ የማያሳልፍ ገበር ከታች፣ ጠርዛቸው ከጠርዛቸው የተገጠመ። ክዳን ያለው ቅርጫት መታጠቢያ ቤቱ በር ጎን አኖርኩ፤ ክዳኑ ላይ እጇ እንዲያገኘው ያንኑ ጥብጣብ አሰርኩበት። የሰፋኋቸውን አልጋዋ ላይ ደረደርኳቸው። አፍ ያቃተኝን በመርፌ ልሞክረው።

ማታ አልጋዋ ላይ አልነበሩም። ወዴት እንዳደረገቻቸው አልጠየቅኩም። ቅርጫቱ ባዶ ነው።

እሑድ 30

ዓርብም ቅዳሜም ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ትናንት ፍልፈል ደረጃውን ጨርሶ ሄደ፤ የተሸረፈችውን ጥግ በመዶሻ ሸርፎ ሰባት ጊዜ ያህል «እንዲህ ነበረች?» አለኝ። ጋሼ ደወለ። ገና ሳይናገር «እማዬ የትም አትሄድም» አልኩት።

«ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። «እሑድ እሑድ እኔ እመጣለሁ፣ አንቺ ውጪ። ሄደሽ ተኚ፣ ፀጉርሽን ተሠሪ፣ የፈለግሽውን ሁኚ።» እሺ አልኩት። የዛሬው እሺ እሺ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክር ሳስገባ ግድግዳው ሲዳበስ ሰማሁ። እማዬ መጣች። መታጠቢያ ቤቱን አለፈችው። ቅርጫቱንም በእጇ ነክታ አለፈችው። እኔ ጋ ደርሳ ቆመችና ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋችልኝ፤ የሰፋሁላት ጨርቅ ነው፣ እርጥብ፣ በሥርዓት የታጠፈ።

«ለቱቦው ብዬ ነው» አለችኝ። «አመለኛ ነው ብሎኛል።»

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አልኳት።

ተቀበልኳት። ስታስረክበኝ እጄን ይዛ ትንሽ ቆየች፣ የሎሚውን ግንድ እንደምትነካው። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ፣ የተሸረፈችዋን ጥግ ዳብሳ፣ ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም ጨርቁን አጥቤ ጓሮ ሳይሆን እፊት ለፊት፣ ካጠብኳቸው የደንበኞች መጋረጃዎች መሀል አሰጣሁት።